ቴዎድሮስ የማን ስም ነው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጃችንን ቴዎድሮስ ብለነዋል። የምንኖረው ጀርመን ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ያለችው ግሪካዊት አስተማሪ "ቶዶሪ" ነው የምትለው። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሩሲያዊ ሽማግሌ አሉ፤ ስማቸው ፊዮዶር ነው፤ ልጁን "ሞክሼ" ይሉታል። ባለቤቴ የእንግሊዞቹ የቱዶር ነገሥታት ስምም ከዚሁ የመጣ ነው ይላል። አማቴ ደግሞ ቴዎድሮስ የግእዝ ስም ነው ብለው ድርቅ ብለዋል። ማናቸው ናቸው ልክ? ደግሞስ ለጀርመኖቹ እንዲቀልላቸው ወረቀቱ ላይ "ቴዎዶር" ብናስደርገው አይሻልም?»

ሽማግሌው ልክ ናቸው። አስተማሪዋም ልክ ነች። ባለቤትዎ ግን ተሸውደዋል። አይፈረድባቸውም፤ እዚያች ቦታ ላይ ያልተሸወደ ሰው ጥቂት ነው። አማትዎ ግማሽ ልክ ናቸው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ ለይቼ አስቀምጣለሁ።

ከሥሩ እንጀምር። ስሙ ግሪክ ነው። ሁለት ቃላት ተጋብተው የወለዱት ነው። «ቴኦስ» አምላክ ነው። «ዶሮን» ስጦታ ነው። (አይሳቁ፤ ከእኛ ዶሮ ጋር አይገናኝም።) ሲጋጠሙ «ቴኦዶሮስ» ይሆናሉ፦ የአምላክ ስጦታ።

ብዙ ሰው የክርስትና ስም ይመስለዋል። አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን በሳሞስ ደሴት ቴዎድሮስ የሚባል ስመ ጥር ባለሙያ ነበር። ሕንፃ ያንጻል፣ ሐውልት ይሠራል፣ ወርቅና ብር ያነጥራል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የጻፈው የታወቀ ታሪክ አለ። የሳሞሱ ገዢ ፖሊክራቴስ ሁሉ ነገር ስለቀናው ፈራ። ዕድሉ እንዳይገለበጥበት ብሎ ከሁሉ የሚወደውን ቀለበት ባሕር ውስጥ ወረወረው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ አንድ ዓሣ አጥማጅ ትልቅ ዓሣ እጅ መንሻ ይዞለት መጣ። ዓሣው ሲቀደድ ቀለበቱ ሆዱ ውስጥ ተገኘ። ያንን ቀለበት የሠራው ይኸው የሳሞሱ ቴዎድሮስ ነው።

ከዚያ በኋላ በዛሬዋ ሊቢያ በቀሬና ከተማ ሌላ ቴዎድሮስ እናገኛለን። የሒሳብ ሊቅ ነው። የፕላቶን መምህር እንደነበር ይነገራል። የ3፣ የ5፣ የ6 እያለ እስከ 17 ድረስ (እንደ 4፣ 9 እና 16 ያሉትን ትቶ) የቁጥሮች ስኩዌር ሩት በሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ እንደማይገለጽ ያሳየ ሰው ነው። ፕላቶን ራሱ በአንድ ድርሰቱ ውስጥ ያናግረዋል። ከዚያችው ከቀሬና ደግሞ ሦስተኛ ቴዎድሮስ ወጣ፤ ፈላስፋ። ይኼኛው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው፦ «አምላክ የለሹ ቴዎድሮስ»። የአምላክ ስጦታ ተብሎ ተጠርቶ አምላክ የለም ማለት እንግዲህ ለወላጆቹ ቀላል አልነበረም መቼስ።

በዚያ ዘመን «የትኛው አምላክ?» ብሎ መጠየቅ ወግ ነበር። ግሪኮች ከየአማልክቶቻቸው ስም ጋር «ዶሮስ»ን እየገጠሙ የስም መዓት ፈጥረዋል። ዲዮዶሮስ የዜውስ ስጦታ ነው። አፖሎዶሮስ የአፖሎ። አርጤሚዶሮስ የአርጤምስ። ኢሲዶሮስ ደግሞ ግብፃዊቷን ኢሲስን ይዞ የተሠራ ነው። ከላይ ያነሣነው ሄሮዶቱስ ራሱ «ሄራ የሰጠችን» ማለት ነው። ክርስትና ሲመጣ እነ አፖሎዶሮስ እየከበዱ ሄዱ። ቴዎድሮስ ግን የየትኛው አምላክ ስጦታ እንደሆነ ስም አልጠራም። ስለዚህ ምንም ሳይለወጥ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ቤተ ክርስቲያን ገባ። የስሙ ዕድል ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃላቱን ገልብጠው ከፊት «ዶሮ»፣ ከኋላ «ቴኦ» ያደረጉም አሉ፤ ዶሮቴያ ከዚያ የመጣ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከገባ በኋላ ስሙን ይዘው የዞሩት ወታደሮች ናቸው። ሰማዕታት ወታደሮች። የመጀመሪያው ቴዎድሮስ ቴሮን ይባላል፤ ቴሮን ማለት ምልምል ወታደር ነው። በዛሬዋ ቱርክ፣ አማስያ በምትባል ከተማ፣ በ306 ገደማ በሰማዕትነት ዐረፈ። ሁለተኛው ቴዎድሮስ ስትራቴላቴስ ይባላል፤ የጦር አዛዥ ማለት ነው። አንዱ ተራ ወታደር፣ አንዱ ጄኔራል። ግሪኮች ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ነው የሚሥሏቸው። ሁለቱም ዘንዶ ገዳይ ናቸው፤ የእኛን ጊዮርጊስን ለለመደ ዓይን እንግዳ አይሆኑም።

ቬኒስ የሄደ ሰው ቴሮንን ሳያውቀው አይቶታል። ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ወደ ባሕሩ ሲወጡ ሁለት ረጃጅም ዓምዶች አሉ። አንዱ ላይ ባለክንፉ የማርቆስ አንበሳ ቆሟል። ሌላው ላይ ጦር የያዘ ሰው አዞ የሚመስል ፍጥረት ረግጦ ቆሟል። እሱ ቴዎድሮስ ነው፤ የቬኒስ ሰዎች በራሳቸው አነጋገር «ቶዳሮ» ይሉታል። የከተማዋ የመጀመሪያ ጠባቂ ቅዱስ እሱ ነበር። በ828 ነጋዴዎቿ የማርቆስን አፅም ከእስክንድርያ ሰርቀው ሲያመጡ ግን ቦታውን ለማርቆስ ለቀቀ። ጨርሰው አልጣሉትም፤ ዓምድ ሰጡት።

ግሪክ አገር ቴሮን የሚታሰበው በዐቢይ ጾማቸው የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ከሃዲው ንጉሥ ዩልያኖስ (361–363) ጾመኛውን ለማርከስ አሰበ ይላሉ። በቁስጥንጥንያ ገበያ የሚሸጠው ምግብ ሁሉ ለጣዖት በተሠዋ ደም እንዲረጭ በስውር አዘዘ። ቴዎድሮስ ለከተማይቱ ጳጳስ በራእይ ታየና «ገበያ አትውጡ፤ ስንዴ ቀቅላችሁ ብሉ» አለው። ከዚያ ወዲህ በዚያች ቅዳሜ ግሪኮች የተቀቀለ ስንዴ አዘጋጅተው ቤተ ክርስቲያን ያስባርካሉ። ስሙ «ኮሊቫ» ነው። ንፍሮ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ብቻ ስኳር፣ ዘቢብ፣ ለውዝና የሮማን ፍሬ ይጨመርበታል። እንደ እኛው ለሙት መታሰቢያም የሚቀርበው ይኸው ነው።

ቡልጋሪያ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ቅዳሜ ፈረስ ይጋልባሉ። ቀኑ «ቶዶሮቭደን» ይባላል፤ የቶዶር ቀን። የፈረሶቹን ጋማና ጅራት ይጎነጉናሉ፣ ያስጌጣሉ፣ መንደር ለመንደር ያሽቀዳድማሉ። እኔን ብትጠይቁኝ በልጅዎ ስም ከሚከበሩት በዓላት ሁሉ ለልጅ የሚሆነው ይኼኛው ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ። ፊዮዶርና ቴዎድሮስ አንድ ስም መሆናቸው የሚታየው እዚህ ጋ ነው። የግሪኩ ስም የሚጀምረው «ቴታ» በምትባል ፊደል ነው። ዛሬ ግሪኮች ሲያነቧት ምላሳቸውን ጥርስ መካከል አድርገው ነው፤ እንግሊዝኛ ስንማር ሲያስቸግረን የኖረው የቲ-ኤች ድምፅ ማለት ነው። ሩሲያኛ ይህ ድምፅ የለውም። ሩሲያውያን ክርስትናን ከቁስጥንጥንያ ሲቀበሉ ቴታን «ፊታ» በሚል ስም ከነፊደሏ ወሰዱና «ፍ» ብለው አነበቧት። ፊታ እስከ 1918ቱ የጽሕፈት ማሻሻያ ድረስ በሩሲያ ፊደል ገበታ ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ቴኦዶሮስ «ፌዮዶር» ከዚያም «ፊዮዶር» ሆነ። ሌሎቹም ስሞች አልቀሩም። ቶማስን «ፎማ» ይሉታል። ማርታን «ማርፋ»። ጢሞቴዎስን «ቲሞፌይ»። አቴንስን ራሷን «አፊኒ»። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ከሩሲያ ስሞች ግማሹን ዘመድ ያገኝለታል።

እኛስ ምን አደረግን? ይህ ክፍል እኔን በጣም ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ልቆይበት። አክሱም ላይ ግሪክኛ እንግዳ አልነበረም። ነገሥታቱ በሳንቲም ላይ ይጽፉበት ነበር። ኢዛና ጽሑፉን በግእዝ፣ በሳባና በግሪክኛ ነው ያስቀረጸው። መጽሐፍ ቅዱስም ወደ ግእዝ ሲተረጎም ከግሪክኛ ነበር። የተርጓሚዎቹ ጆሮ ደግሞ ስል ነበር። ግሪክኛ ሁለት ዓይነት «ት» አለው። አንዱ ትንፋሽ የሌለው ደረቁ «ታው» ነው። ሌላው ትንፋሽ ያለበት «ቴታ» ነው። የግእዝ ሰዎች ደረቁን «ጥ» ብለው ጻፉት፤ ትንፋሻሙን «ት»። ጴጥሮስን ይዩት፤ በታው ነው፣ «ጥ» ሆነ። ቶማስን ይዩት፤ በቴታ ነው፣ «ት» ሆነ። ሁለቱም በአንድ ስም ሲገናኙ ለማየት ጢሞቴዎስን ይውሰዱ። የመጀመሪያው ታው ነው፣ «ጢ» ሆነ፤ ሁለተኛው ቴታ ነው፣ «ቴ» ሆነ። ዛሬ «ጢሞቴዎስ» ብለን ስንጽፍ ከ1,500 ዓመት በፊት የነበረውን የግሪክ አጠራር ልዩነት ሳናውቀው ጠብቀን ይዘናል። (ክርስቶስ ላይ ሕጉ ይፈርሳል፤ በታው ሳለ «ቶ» ተብሏል። ስም መቼም ሙሉ በሙሉ ለሕግ አይገዛም።)

ቴዎድሮስ እንግዲህ በቴታ ስለሚጀምር በ«ቴ» ተጻፈ። ሕጉን ጠብቋል። ቀጥሎ «ኤ» እና «ኦ» ጎን ለጎን መጡ። ግእዝ ሁለት አናባቢ ተጠግቶ ሲቆም አይወድም፤ መሐል ላይ «ው»ን አስገባ። ቴ-ኦ የነበረው ቴ-ዎ ሆነ። ቴዎፍሎስ፣ ማቴዎስ፣ ጢሞቴዎስ የሚሉት ሁሉ ያች «ዎ» ያለቻቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

የቀረችው «ድሮስ» ነች። ግሪኩ «ዶሮስ» ነበር። በ«ድ» እና በ«ሮ» መካከል የነበረው አናባቢ የት ገባ? እዚህ ላይ ግብፅን ማየት ነው። ግብፃውያን ክርስቲያኖች ይህን ስም «ታድሮስ» ወይም «ታዋድሮስ» ይሉታል። ከ2012 ጀምሮ በእስክንድርያ መንበር ላይ ያሉት ፓትርያርክ ዳግማዊ ታዋድሮስ ናቸው። የእኛን ቴዎድሮስና የእነሱን ታዋድሮስ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። መሐሉ ላይ «ው» አላቸው። «ድሮስ» ላይ አናባቢዋ ጠፍታለች። መጨረሻ ላይ «ስ» ቆማለች። ከአገር አገር ሲዞር የኖረው የዚህ ስም ቅርጽ ለእኛው ከዚህ በላይ የሚቀርብ የለም። ቤተ ክርስቲያናችን ለዘመናት ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ፣ ስንክሳሩን ከዐረብኛ ስታስተረጉም ኖራለች። በጥር 12 የሚታሰበው ሰማዕቱ ቴዎድሮስ በናድሌዎስም በግብፆቹ ስንክሳር በዚያው ቀን «ምሥራቃዊው ቴዎድሮስ» ተብሎ የሚታሰበው ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሥሩ ግሪክ፣ መንገዱ ግብፅ፣ ልብስ ሰፊው ግእዝ።

የአማትዎ ግማሽ ልክነት እንግዲህ ይህ ነው። «ቴዎድሮስ» የሚለው ቅርጽ፣ በዚህ አጠራር፣ በዚህ አጻጻፍ፣ የእኛ ብቻ ነው። ግሪክ አገር ሄደው «ቴዎድሮስ» ቢሉ ዞር ብሎ የሚያይዎት የለም።

ስለ «ስ» ካነሣሁ የአስተማሪዋን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። ጴጥሮስ፣ ማርቆስ፣ ቴዎድሮስ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ «ኦስ» ሥር አይደለችም። ግሪክኛ ለወንድ ባለቤት የሚጨምራት መድረሻ ነች። ስለ ሰውየው ሲያወሩ አለች፤ ሲጠሩት ትወድቃለች። ለዚህ ስም መደበኛው «ቴኦዶሮስ» ነው፤ መታወቂያ ላይ ያለው። ቤትና ሰፈር ግን «ቶዶሮስ» ወይም «ቶዶሪስ» ነው። «ቶዶሪስ መጣ» ይላሉ። «ቶዶሪ፣ ና ብላ!» ይላሉ። አስተማሪዋ ልጅዎን «ቶዶሪ» ስትለው በአገሯ ልጅ እንደሚጠራ እየጠራችው ነው። እኔ ብሆን ደስ ይለኛል። አርመኖች፣ ግብፆችና እኛ «ስ»ን ይዘናት ቀረን፤ ስንጠራም አንለቃትም።

ግሪኮች የመጀመሪያ ወንድ ልጅን ብዙ ጊዜ በአባት አባት ስም ነው የሚጠሩት። ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሦስትና አራት ቶዶሪስ የአጎት ልጆች ቢኖሩ አይግረምዎት። የቤተሰብ ስምም ሆኖ ይገኛል፤ ጫፉን አይቶ አገሩን መገመት ይቻላል። ቴዎዶራኪስ ካለ ወደ ቀርጤስ ነው፤ የታወቀው የሙዚቃ ደራሲ ሚኪስ ቴዎዶራኪስ የዘር ሐረጉ ከዚያ ነው። ቴዎዶሮፑሎስ ካለ ፔሎፖኔዝ። ቴዎዶሪዲስ ከጥቁር ባሕር የተፈናቀሉት። ቴዎዶሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቆጵሮስ ነው፤ ትርጉሙም «የቴዎድሮስ» ማለት ብቻ ነው፤ የእኛን የአባት ስም ይመስላል።

ዘመዶቹን በየአገሩ ልቁጠርልዎ፤ ቀላሎቹን ቶሎ ቶሎ ላልፋቸው። ጣልያን፣ ስፔንና ፖርቱጋል «ቴዎዶሮ» ይላሉ። ፈረንሳይ «ቴዎዶር»፣ ጀርመን «ቴዎዶር»፣ ፖላንድ «ቴዎዶር»። ሆላንዶች ብዙ ጊዜ «ቴዎ» ብለው ያሳጥሩታል፤ የሠዓሊው የቫን ጎግ ወንድም ቴዎ ሙሉ ስሙ ቴዎዶሩስ ነው። ሰርቦችና ቡልጋሮች እንደ ግሪክ መንደር «ኤ»ዋን ውጠው «ቶዶር» አሉት። ጆርጂያ «ቴቭዶሬ» ይላል። ዩክሬን «ፌዲር»። ሃንጋሪ ደግሞ አናባቢዎቹን ገለባብጦ «ቲቫዳር» አደረገው፤ ቡዳፔስት የተወለደው ቴዎዶር ሄርዝል በአገሩ ቋንቋ ሄርዝል ቲቫዳር ነው። ቲቫዳርንና ፊዮዶርን ጎን ለጎን ላየ ሰው አንድ ስም ናቸው ቢሉት አያምንም። ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመው የአርመኑ ነው፦ «ቶሮስ»። ቴኦዶሮስ መሐሉ ተሰልቦ ይህቺ ብቻ ቀረች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኪልቅያ (በዛሬዋ ደቡብ ቱርክ) በነበረው የአርመን መንግሥት የኖረው ዝነኛው የብራና ሥዕል ሊቅ ቶሮስ ሮስሊን ስሙ ይኸው ነው። እዚያው ኪልቅያ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ከላይ የቆሙትን ተራሮች ቱርኮች «ቶሮስ» ይሏቸዋል። ያ ሌላ ነው፤ «ታውሮስ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ከቴዎድሮስ ጋር አይገናኝም።

ሩሲያ ላይ ትንሽ ልመለስ፤ አንድ የጀርመን ነገር ስላለበት። ሩሲያውያን እንደ እኛ የአባት ስም ይጠራሉ። የፊዮዶር ወንድ ልጅ ፊዮዶሮቪች ነው፤ ሴቷ ፊዮዶሮቭና። የመጨረሻው ዛር ሚስት አሌክሳንድራ ፊዮዶሮቭና ትባል ነበር። አባቷ ግን ፊዮዶር አልነበረም፤ የሄሰኑ ጀርመን መስፍን ሉድቪግ ነው። የሮማኖቭ ቤተሰብ የሚያከብራት «ፊዮዶሮቭስካያ» የምትባል የእመቤታችን ሥዕል ነበረች። ሃይማኖት ቀይረው ወደዚያ ቤት የሚገቡ የጀርመን ልዕልቶች የአባት ስም ከእሷ እየተሰጣቸው ነው ፊዮዶሮቭና የሆኑት። ሥዕሊቱ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ከወታደሩ ሰማዕት ከቴዎድሮስ ነው። የዓለም ነገር።

አንድ ዓመት ብቻ ልጥራና ልለፍ፦ 1821። በዚያ ዓመት ቴዎዶሮስ ኮሎኮትሮኒስ ግሪኮችን እየመራ ከኦቶማን ጋር ይዋጋል። ከዳንዩብ ማዶ በዛሬዋ ሮማንያ ቱዶር ቭላዲሚሬስኩ ሕዝብ አስነሥቶ በዚያው ዓመት ይገደላል። ሞስኮ ላይ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ይወለዳል። ሦስት ሞክሼዎች። ቋራ ላይም ካሣ የሚባል ትንሽ ልጅ ነበር፤ ስሙን ገና አልቀየረም።

የሮማንያውን «ቱዶር» አይተው ባለቤትዎ «አላልኩሽም?» ሊሉ ነው። ይቆዩ። የሮማንያው ቱዶር እውነትም ቴዎድሮስ ነው። የእንግሊዙ ግን አይደለም። ከ1485 እስከ 1603 የነገሡት ቱዶሮች የዌልስ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው «ቱዱር» ከሚባል ቅድመ አያት የመጣ ነው። ቱዱር የጥንት ኬልቶች ስም ነው፤ ሁለቱ ክፍሎቹ «ሕዝብ» እና «ገዢ» ናቸው። ዌልሶች ራሳቸው በኋላ ላይ ከቴዎዶር ጋር አምታተውታል፤ ባለቤትዎ ብቻቸውን አይደሉም ያልኩት ለዚህ ነው።

ተመሳሳይ ወጥመድ ጀርመን አገርም አለ። ከ493 ጀምሮ ጣልያንን የገዛው የጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክ ይባላል። ስሙ በ«ቴዎ» ሲጻፍ ግሪክ ይመስላል። ጎትኛ ነው፤ እሱም «ሕዝብ» እና «ገዢ» ነው። የዛሬዎቹ ዲትሪሽ፣ ዲርክና ዴሪክ ከእሱ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ዲትሪሽ የሚባል ጎረቤት ቢያገኙ የልጅዎ ሞክሼ አይደለም።

«ቴዲ» የሚለውም ያው ነው። አዲስ አበባ ላይ ቴዲ ካሉ ቴዎድሮስ ነው፤ ማንም አይጠራጠርም። እንግሊዝኛ ላይ ግን ኤድዋርድም ቴዲ ይባላል። ሴናተር ቴድ ኬኔዲ ኤድዋርድ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ቴዲ ሩዝቬልት ግን እውነተኛ ቴዎዶር ናቸው። በ1902 ሚሲሲፒ ላይ ለአደን ወጥተው ታስሮ የቀረበላቸውን ድብ አልተኩስም አሉ። ጋዜጣ በካርቱን ሣለው። አሻንጉሊት ሠሪዎች ድብ ሰፍተው «የቴዲ ድብ» ብለው ሸጡት። ልጅዎ አልጋ ላይ ቴዲ ቤር ካለ እንግዲህ እሱም ሞክሼው ነው።

ከሞክሼ ሌላ የትርጉም ዘመድ የሚባል ነገር አለ። በድምፅ ምንም አይገናኙም፤ ሐሳቡ አንድ ነው። ማቴዎስና ናትናኤል ከዕብራይስጥ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው። ስላቮች ቦግዳን ይላሉ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አፍሪካ ውስጥ ዲዮዶኔ ይበዛል። ዐረቦች ሂበቱላህ አላቸው። እኛ ደግሞ ሀብተ ሥላሴ፣ ሀብተ ማርያም፣ ሲያጥር ስጦታው። እነዚህን «የቴዎድሮስ ትርጉሞች» ማለት ይቻላል፤ «የቴዎድሮስ ዓይነቶች» ማለት ግን ስህተት ነው። መረብ ላይ የሚዞሩት የስም ዝርዝሮች ሁለቱን ሲደባልቁ ነው የማየው።

ስሙ በአገራችን ዙፋን ላይ የወጣው በ1413 ነው፤ ቀዳማዊ ቴዎድሮስ፣ ዓመት ያህል ብቻ ነገሡ። ይበልጥ ሥር የያዘው ግን በትንቢት ነው። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል ይላል። ሕዝቡ ያንን ስም እየጠበቀ ኖረ። የቋራው ካሣ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ። ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀቧቸው። የመረጡት ስመ መንግሥት የአባታቸው አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚጠብቀውን ስም ነው የለበሱት። ዛሬ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁን ቴዎድሮስ ሲል በአብዛኛው መቅደላን ያስባል፤ አማስያን የሚያስብ የለም። እንግሊዞች ግን በደብዳቤም በጋዜጣም «ንጉሥ ቴዎዶር» ነበር የሚሏቸው፤ በእነሱ ጆሮ ያው የሚያውቁት ስም ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። «ቴዎዶር ብናስደርገውስ?» ላሉት የእኔ ምክር አያስፈልግም ነው። ቴዎድሮስ የተበላሸ ቴዎዶር አይደለም። እንዲያውም ከግሪኩ ጋር ብናስተያየው መጨረሻውን የጠበቀው የእኛው ነው። ጀርመን አገር የመጀመሪያ ስም ለማስለወጥ በቂ ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል፤ «እንዲቀልላቸው» የሚለው ብዙ አያስኬድም።

ማሰብ ያለብዎት ስለ ላቲን አጻጻፉ ነው። እስካሁን ካልተመዘገበ ምርጫ አለዎት። እኛ የለመድነው መሐል ላይ በደብልዩ መጻፍ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ በትክክል ያነበዋል። ጀርመን ግን ደብልዩን «ቭ» ብሎ ነው የሚያነበው፤ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ «ቴቮድሮስ» ሲባል ይኖራል። ይህ ካልከበደዎት ይተዉት፤ አገር ቤት ካሉት ዘመዶቹ ወረቀት ጋር ይመሳሰላል። ከከበደዎት ደብልዩዋን አውጥተው «ኢ» እና «ኦ»ን አጠገብ ለአጠገብ ይጻፉ። «ቴኦድሮስ» ብለው ያነቡታል፤ ቴዎድሮስን ይበልጥ የሚቀርበው ያ ነው። ቲ ቀጥሎ ኤች መጨመር ጀርመን ላይ ድምፁን አይለውጥም። እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ሲሄድ ግን ምላሳቸውን ጥርስ መካከል ያደርጉበታል።

ከተመዘገበ ደግሞ እንዳለ ይቆይ። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ፓስፖርቱና የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ያለው አጻጻፍ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ ብቻ ይጠንቀቁ። በእኔ ግምት ቤተሰብን ቢሮ ለቢሮ ከሚያንከራትተው ነገር ትልቁ የስም አጻጻፍ መለያየት ነው። ለመዋዕለ ሕፃናቱ አጭር ስም ከፈለጉ «ቴዎ» ይበቃል፤ ጀርመን አገር ሕፃናት መሐል የተለመደ ነው፣ ለማንበብም አያስቸግርም፣ ለእሱም ማንም ማመልከቻ አይጠይቅዎትም።